የሰፈር ቆሻሻን ጥያቄ ከሐምሌ በፊት በጀት ውስጥ ማስገባት፦ ለጎጃም ከተሞች ነዋሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ክረምት ሲገባ በጎጃም ከተሞች የሚሰማው እሮሮ ተመሳሳይ ነው። ቦዩ በፌስታልና በሃይላንድ ይዘጋል፣ ጎርፉ ሱቅና ጓዳ ይገባል፣ ገንዳው ሞልቶ መንገድ ላይ ይፈሳል። ነዋሪው ቀበሌ ሄዶ አቤት ሲል የሚያገኘው መልስም የታወቀ ነው፦ «በጀት አልተያዘለትም»። መልሱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል ግን ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በየጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ላይ ያልቃል። ምክር ቤቱ እጅ የሚያወጣው በተዘጋጀ ሰነድ ላይ ነው። በሐምሌ የቀረበ ጥያቄ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ዕድሮች፣ የሰፈር ልማት ኮሚቴዎችና የጽዳት ማኅበራት አንድን ጥያቄ ምክር ቤት ሊወስንበት በሚችል መልክ እንዴት እንደሚያዘጋጁ ያሳያል። ምሳሌ ያደረግነው የቆሻሻ መለያና የኮምፖስት መጠለያ ነው፤ ቆሻሻ የሚለይበትና የሚበሰብሰው ወደ ማዳበሪያ የሚቀየርበት ጣራ ያለው ቦታ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ ዳንግላም ሆነ እንጅባራ አካሄዱ ያው ነው፤ የጽሕፈት ቤቶቹ ስምና የሳምንታቱ ቀጠሮ ብቻ ከከተማ ከተማ ይለያያል። የመሐል ከተማ መልሶ ማልማትን አብረን ያነሳነው መጠለያው የሚያርፍበት ቦታ በፕላን ላይ ካልታየ ገንዘብ ቢገኝም ስለማይሠራ ነው።

ጊዜውን ማወቅ

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቆሻሻውን መዝኑ፤ ዝናቡ አቁሟል፣ መንገዱ ደርቋል። በታኅሣሥ ቦታና ወጪ አስሉ። ጥር ላይ ደብዳቤውን አስገቡ፤ ጽሕፈት ቤቶች የግማሽ ዓመት አፈጻጸማቸውን የሚገመግሙበትና የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ ማሰብ የሚጀምሩበት ወቅት ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የየዘርፉ የበጀት ጥያቄ ይዘጋጃል። ግንቦት ላይ ጥያቄው ከተሰጠው የበጀት ጣሪያ (ሊታለፍ ከማይችለው የገንዘብ መጠን) ጋር እየታየ ይቀነሳል፤ ብዙ ጥያቄ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ የጉባኤው ጊዜ ነው።

ብዙዎች ጉልበታቸውን ለጉባኤው ያስቀምጣሉ። ጉልበቱ የሚያስፈልገው ግን በሚያዝያና በግንቦት ነው።

ደረጃ 1፦ ቆሻሻውን መመዘን

«ሰፈራችን በቆሻሻ ተጨናንቋል» የሚል ደብዳቤ ክላሰር ውስጥ ይቀራል። «ቀበሌያችን በቀን 3,600 ኪሎ ግራም ቆሻሻ ያወጣል፤ ከዚህ ይህን ያህሉ ኮምፖስት ይሆናል» የሚል ደብዳቤ ግን አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ እንዲመልስለት ያስገድዳል። ቁጥሩን ለማግኘት መሐንዲስ መቅጠር አያስፈልግም።

የሚያስፈልጋችሁ እስከ 100 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን፣ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል፣ ሦስት በሦስት ሜትር የሆነ ሸራ፣ ወፍራም ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶችና ደብተር ነው። 20 ቤተሰቦችን ምረጡ። ሁሉንም ከአንድ ጎዳና አትምረጡ፤ ተከራይም ባለቤትም፣ ግቢ ያለውም የሌለውም፣ ምግብ ቤት ወይም ጠላ ቤት ያለውም ይግባበት። በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚያድር ጻፉ።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለ8 ተከታታይ ቀናት ሰብስቡ፤ የመጀመሪያውን ቀን ግን ከስሌት አውጡት። በዚያ ቀን የሚወጣው ከዚያ በፊት የተጠራቀመ ስለሆነ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ሳምንቱ የገበያ ቀንን መያዝ አለበት። የበዓልና የፍልሰታ ጾም ሳምንት ግን ለምዘና አይሆኑም፤ የምግቡ ዓይነት ስለሚለወጥ ዓመቱን አይወክሉም።

አሁን ስሌቱ። በ20ዎቹ ቤቶች 96 ሰዎች ቢኖሩና በ7 ቀን 268.8 ኪሎ ቢሰበሰብ፣ 268.8ን ለ96 ከዚያም ለ7 ስታካፍሉ ለአንድ ሰው በቀን 0.4 ኪሎ ይደርሳል። የቀበሌው ነዋሪ 9,000 ከሆነ በቀን 3,600 ኪሎ ማለት ነው። እነዚህ የምሳሌ ቁጥሮች ናቸው፤ ደብዳቤያችሁ ላይ የምታሰፍሩት የራሳችሁን ብቻ ይሁን።

ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ ገንዳ የሚሞላው በይዘት ነው። ባዶውን በርሜል መዝናችሁ ጻፉ። ከዚያ ያልተለየውን ቆሻሻ ሳትጠቀጥቁ እስከ አፉ ሙሉት። ሁለት ሰው ሆናችሁ በርሜሉን ከመሬት አንድ ጋት ያህል እያነሳችሁ ሦስት ጊዜ ልቀቁት፤ ቆሻሻው ወደ ታች ይሰምጣል። የጎደለውን እንደገና ሙሉና መዝኑ፤ የበርሜሉን ክብደት ቀንሱ። 56 ኪሎ ከቀረ፣ 56ን ለ0.2 ስታካፍሉ አንድ ሜትር ኩብ ቆሻሻ 280 ኪሎ ይመዝናል። 3,600ን ለ280 አካፍሉ፤ በቀን ወደ 12.9 ሜትር ኩብ ይመጣል። ባለ 8 ሜትር ኩብ ገንዳ ከሆነ ቀበሌው በቀን 1.6 ገንዳ ይሞላል። በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚነሳ አንድ ገንዳ ለምን እንደሚፈስ የሚያስረዳው ይህች ቁጥር ናት። ጽዳት ሠራተኞቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፣ ነዋሪውም ሥልጣኔ ስለጎደለው አይደለም።

ከዚያ ሸራው ላይ ዘርግፋችሁ ለዩ። የምግብ ትራፊና ቅጠላ ቅጠል፣ አመድና አፈር፣ ሃይላንድና ሌላ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ቆርቆሮና ብረት፣ ጠርሙስና ብርጭቆ፣ በመጨረሻም ባትሪ ድንጋይ፣ መርፌና መድኃኒት። እያንዳንዱን ለብቻው መዝኑ።

አመዱን በጥንቃቄ ያዙት። በማገዶና በከሰል በሚጋገርበት ከተማ የአመድ ክብደት ከባድ ነው፤ «ኦርጋኒክ» (የሚበሰብስ) ብላችሁ ከቅጠሉ ጋር ከደመራችሁት የኮምፖስት ግምታችሁ በሙሉ ይዛባል። የጠላና የአረቄ አተላም እንዲሁ፤ አብዛኛው ለከብት ስለሚሄድ ገንዳ አይደርስም፣ ከሚዛን ውጭ ይሁን። ክረምት ሲያልቅ፣ በእሸቱ ወራት የበቆሎ ልባስና ቆረቆንዳ ገንዳውን ያጥለቀልቀዋል። ከተቻለ መስከረም ላይ ሁለተኛ የሦስት ቀን ምዘና ብታደርጉ ለከፍተኛው ወቅት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ ምን እንደሚገነባና ስንት እንደሚያወጣ

ኮምፖስት። በቀን 1,000 ኪሎ የተለየ ኦርጋኒክ ለማብላላት መተላለፊያውን ጨምሮ ከ300 እስከ 350 ካሬ ሜትር መሬት ያስፈልጋል። ክምሩ ወደ 1.5 ሜትር ስፋትና 1.2 ሜትር ከፍታ ይኑረው። ከዚህ ካነሰ ሙቀት አይይዝም፤ በጣም ከበዛ መሐሉ አየር አጥቶ ይሸታል። ውስጡ 55 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ ሦስት ቀን መቆየት አለበት፤ የአረምን ዘርና ተሐዋስያንን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ የብረት ዘንግ ለአሥር ደቂቃ መሐሉ ሰክታችሁ አውጡ፤ በእጅ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ሙቀቱ አለ። እርጥበቱን በእፍኝ ፈትሹ፦ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ካወጣ ደህና ነው፤ ውኃው ከወረደ በዝቷል፤ ከተበተነ ደርቋል።

ጎጃም ላይ ኮምፖስት የሚያበላሸው ቀንደኛው ነገር ዝናቡ ነው። ጣራ የሌለው ክምር ከሰኔ እስከ መስከረም ይረሰርሳል፣ አየር ያጣል፣ ይሸታል፣ ጎረቤት አቤት ይላል፣ ሥራው ይዘጋል። ስለዚህ ቆርቆሮ ጣራ፣ በ100 ሜትር 2 ሜትር የሚወርድ የሲሚንቶ ወለልና የሚወጣውን ፈሳሽ የሚይዝ ጉድጓድ ከመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ ይግቡ። «ጣራውን በኋላ እንሠራዋለን» የሚል ሐሳብ ከመጣ አትቀበሉት።

አመድን በብዛት ክምሩ ውስጥ አትጨምሩ፤ ናይትሮጅኑ በአሞንያ መልክ ወደ አየር ይጠፋል። ንጹሕ የእንጨት አመድ ግን ለብቻው ተቀባይ አለው። የአዊና የምዕራብ ጎጃም ደጋማ መሬት አሲዳማነት ስለሚያጠቃው ገበሬው ኖራ ይፈልጋል፤ አመድም አሲዱን ያለዝባል። ፌስታል የተቃጠለበት አመድ ለማሳ አይሆንም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቶሎ አይበሰብስምና ለብቻው አትከምሩት፣ በጥቂቱ ቀላቅሉት።

ገበሬ ኮምፖስቱን አንድ ጊዜ ገዝቶ ስባሪ ብርጭቆ ካገኘበት ሁለተኛ አይመለስም። ስለዚህ መለየቱ በቤት ነው የሚጀምረው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዝዝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ የፌስታል ክልከላን ጨምሮ ጉዳዩን አጥብቆታል። ሁለት ከረጢት በየቤቱ፣ አንዱ ለሚበሰብስ ሌላው ለቀሪው፤ ለመጀመር ከዚህ በላይ አታወሳስቡት። አምስት ዕቃ ያዘዙ ሥራዎች በሁለተኛው ወር ወደ አንድ ዕቃ ይመለሳሉ።

ሃይላንድ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚገዛው ፋብሪካ ያለው እዚያ አካባቢ ከሆነ ትርፉን የሚበላው ጭነት ነው። ያልተጨፈለቀ ሃይላንድ በአንድ ሜትር ኩብ 25 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል። 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ የአይሱዙ ሳጥን ሞልታችሁ የምትልኩት 500 ኪሎ ነው፤ መኪናው አየር ጭኖ ሄደ ማለት ነው። በመጭመቂያ ታስሮ ሜትር ኩቡ 200 ኪሎ ሲደርስ ያው ሳጥን 4,000 ኪሎ ይይዛል፤ የአንድ ኪሎ የጭነት ዋጋ ስምንት ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ በጀት ስትጠይቁ ከመኪና በፊት መጭመቂያ ጠይቁ። ክዳኑ ይከፈት፤ ተዘግቶ የሚጨመቅ ጠርሙስ አየሩን ይዞ እሥሩን ይፈታል። የጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቢያንስ የሦስት ወር ክምችት የሚይዝ ደረቅ ቦታ አስቡ፤ ከእሳት የራቀ ይሁን።

ቆራሌዎችን አትርሱ። ብረቱንና ጠርሙሱን ዛሬ ያለ ደመወዝ የሚሰበስቡት እነሱ ናቸው። ዕቅዱ እነሱን ካገለለ ዋጋ ያለውን ዕቃ ከየደጁ ቀድመው ይወስዱታል፣ ማኅበሩ የማይሸጠው ብቻ ይቀረዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የድሃ እንጀራ መንጠቅ ነው። በማኅበሩ አባልነት ወይም በኪሎ ሻጭነት ይግቡ፣ ይህም በደብዳቤው ላይ ይጻፍ።

ወጪ። በሁለት ዓምድ ጻፉት፦ አንድ ጊዜ የሚወጣ (ካፒታል) እና በየዓመቱ የሚወጣ (መደበኛ)። በየከተማው ተሠርተው የተዘጉ መጠለያዎች ብዙ ጊዜ የተዘጉት ግንባታው ሲጠየቅ የሠራተኛው ክፍያ፣ ጓንቱ፣ ነዳጁና ጥገናው ስላልተጠየቀ ነው።

የነዳጁን ቁጠባ እንዲህ አሳዩ። ማስወገጃው 9 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው እንበል፤ ደርሶ መልስ 18። በሳምንት 11.2 ገንዳ ቢነሳ 201.6 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 10,483 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ገንዳ አንሺው መኪና በሊትር 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በዓመት ወደ 3,494 ሊትር ይፈጃል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ከክብደቱ 30 በመቶ ወደ ኮምፖስት ስለሄደ ነዳጁም 30 በመቶ ይቀንሳል ይላሉ። ኦርጋኒኩ ከሌላው ይልቅ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በይዘት የሚቀንሰው ከዚያ ያነሰ ነው። 20 በመቶ ብላችሁ ያዙ፤ ወደ 700 ሊትር ይመጣል። በሳምንቱ የማደያ ዋጋ አባዙት። ትንሽ ነገር ግን የማይሰበር ቁጥር ከትልቅና ከሚፈርስ ቁጥር ይሻላል፤ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አንዱን ስሕተት ካገኘ ቀሪውን አያምንም።

ደረጃ 3፦ ደብዳቤው

ደብዳቤው በቀጥታ ለምክር ቤቱ አይደለም። በጀት የሚጠይቀው የሥራ ክፍሉ ነው፤ ጽዳትና ውበት ወይም በከተማችሁ ይህን ሥራ የያዘው የማዘጋጃ ቤት ክፍል። ግልባጩ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት፣ ለቀበሌያችሁና ለቀበሌያችሁ የምክር ቤት አባላት ይሂድ። ዕድራችሁ ማኅተም ካለው በማኅተሙ ይውጣ፤ የዕድሩ መዝገብ የአባወራውንና የእማወራውን ስም ስለሚይዝ ስንት ቤተሰብ እንደጠየቀ በቀላሉ ያሳያል። ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ የምዘናው ሠንጠረዥ አባሪ ይሁን። መልኩ ይህን ይመስላል፦

ጉዳዩ፦ የቆሻሻ መለያና የኮምፖስት መጠለያ በ______ በጀት ዓመት ዕቅድና በጀት እንዲካተት ስለመጠየቅ

ከ______ እስከ ______ ቀን በ20 ቤተሰቦች ባደረግነው ምዘና የቀበሌያችን የቀን ቆሻሻ ______ ኪሎ ግራም፣ ይዘቱም ______ ሜትር ኩብ መሆኑን አረጋግጠናል። ከዚህ ውስጥ ______ በመቶው ወደ ኮምፖስት ሊቀየር የሚችል ነው። በመሆኑም (1) ______ ካሬ ሜትር ጣራ ያለው መጠለያ ከካፒታል በጀት፣ (2) ለ______ ሠራተኞች ክፍያ፣ ለደንብ ልብስና ለነዳጅ ከመደበኛ በጀት እንዲያዝልን እንጠይቃለን። በእኛ በኩል ቤት ለቤት የማስለየቱን ሥራና ______ የጉልበት ቀን እንሸፍናለን። ምላሹ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱ ይገባል፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። በቃል «ተቀብለናል» ተብሎ የተሰጠ ደብዳቤ አልገባም ብላችሁ ቁጠሩት። የመጨረሻዋን የመዋጮ መስመር በቀላሉ አትዩዋት፤ ኮብልስቶኑ በየሰፈሩ የተነጠፈው ነዋሪው ድርሻውን እያዋጣ መሆኑን ጽሕፈት ቤቱ ያውቃል፣ መዋጮ ያለበት ጥያቄ ከሌለበት ይቀድማል።

ደረጃ 4፦ የበጀት ሰነዱን ማንበብ

ከተማ ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው ከክልሉ በድጎማ የሚመጣው የመንግሥት በጀት ነው፤ አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ነው፤ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከቤት ግብር፣ ከቄራ፣ ከመናኸሪያ፣ ከገበያ አገልግሎት የሚሰበሰበው። የጽዳት ጥያቄ በተለምዶ የሚመለሰው ከሁለተኛው ኪስ ነው። ስለዚህ «ከክልሉ የመጣው ጣሪያ ጠባብ ነው» ስትባሉ ቀጣዩ ጥያቄያችሁ «የማዘጋጃ ቤት ገቢው ዕቅድና ክንውን ስንት ነው?» ይሁን።

ሰነዱ ላይ ያሉት ባለ አራት አኃዝ ቁጥሮች የወጪ መደቦች ናቸው። ልታዩዋቸው የሚገቡት፦

6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ
6113 የኮንትራት ሠራተኞች ክፍያ
6211 የደንብ ልብስ
6217 ነዳጅና ቅባት
6231 ውሎ አበል
6241 የተሽከርካሪ ጥገና
6311 የተሽከርካሪ ግዥ
6313 የማሽነሪና መሣሪያ ግዥ፣ መጭመቂያው እዚህ ይገባል
6323 መኖሪያ ያልሆነ ሕንጻ፣ መጠለያው እዚህ ይገባል
6324 መሠረተ ልማት

የጽዳት ክፍሉን ገጽ አውጡና 6217ን እና 6241ን አያይዛችሁ እዩ። ነዳጅ ተይዞ ጥገናው እጅግ ካነሰ መኪናው በዓመቱ አጋማሽ ይቆማል፤ ነዳጁም ወደ ሌላ መደብ ይዛወራል። አዲስ መኪና በ6311 ተገዝቶ ሾፌሩ በ6111 ወይም በ6113 ካልታየ መኪናው ግቢ ውስጥ ይከርማል። ያለፈውን ዓመት የጸደቀና ሥራ ላይ የዋለ ጎን ለጎን ጠይቁ፤ ጸድቆ ያልተሠራበት ገንዘብ ካለ ጥያቄያችሁ የገንዘብ እጥረት ሳይሆን የአፈጻጸም ነው፣ አቀራረቡም ይለወጣል።

ሰነዱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሌለ በጽሑፍ ጠይቁ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ካልተሰጠ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል፤ ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው። 30 ቀኑን አስባችሁ ጥያቄውን ከሚያዝያ በፊት አስገቡ።

ደረጃ 5፦ የመሐል ከተማው ፕላን

መሐል ከተማን መልሶ ማልማትና ኮሪደር ልማት በክልል ከተሞች ሲስፋፋ፣ ድንጋይ ንጣፉና መብራቱ በሥዕሉ ላይ ያምራል፤ ገንዳው ግን ሥዕሉ ላይ የለም። የገበያው ቆሻሻ፣ የጉልት ሻጮች ቦታና የሕዝብ መጸዳጃው ካልተመደቡ ከስድስት ወር በኋላ ቆሻሻው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ይከመራል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት የሕዝብ አስተያየት እንዲሰማ ያዝዛል። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የመላ ከተማው ፕላን፣ የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ አዲሱ ሲጠና መግባት ከጸደቀ በኋላ ከመታገል እጅግ ይቀላል። መሐል ከተማውን ለማየት የምትጠይቁት የአንድን አካባቢ ዝርዝር የሚያሳየውን የአካባቢ ልማት ፕላን ነው።

ካርታውን እንዲህ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢ ልማት ፕላን በ1፡2,000 ይሠራል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ሜትር ማለት ነው፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ መንገድ 30 ሜትር ይሰፋል። ፎቶ ኮፒ ሲሆን ግን ወረቀቱ ይቀነሳል፣ የተጻፈው ቁጥርም ይዋሻል። ስለዚህ በካርታው ግርጌ ያለውን የተመተረ መስመር በማስመሪያ ለክታችሁ እሱን ተጠቀሙ። በዚህ አንድ ስሕተት ብቻ ቤታቸው የሚነካ መስሏቸው ወራት የተጨነቁ፣ ሳይነካን ይቀራል ብለው የተዘናጉም ሰዎች አሉ። የመንገድ ስፋት ሲባል ከወሰን እስከ ወሰን መሆኑን፣ የእግረኛውንና የቦዩን ቦታ እንደሚጨምር አስታውሱ።

ከዚያ እነዚህን ፈልጉ፦ የገንዳ ማረፊያው የት ነው፣ ገንዳ አንሺው መኪና ገብቶ ለመዞር ይችላል? ከቦዩና ከጉድጓድ ውኃ ምን ያህል ይርቃል? ቦዩ ወርዶ የሚፈስሰው ወደ የትኛው ሰፈር ነው? በሀገሪቱ የከተማ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶው ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለግንባታ የሚል መርህ አለ፤ መለያ መጠለያው የትኛው ውስጥ እንደተቆጠረ ጠይቁ። መልስ ካልተገኘ አልተቆጠረም ማለት ነው።

በመድረኩ ላይ የተናገራችሁት ቃለ ጉባኤ ላይ ካልሰፈረ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ሐሳባችሁን በጽሑፍ፣ የብሎክ ቁጥር ጠቅሳችሁ አስገቡ፤ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ስማችሁ ሳይሆን ሐሳባችሁ በትክክል መግባቱን አዳምጡ።

ቦታቸው ለልማት የሚነሳባቸው ጎረቤቶች ካሉ ጉዳያቸው ከቆሻሻው ጋር እንዳይደባለቅ ለዩት፤ የራሱ ቀን ቆጣሪ አለው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከማስነሳት በፊት ተነሺዎችን ማወያየትን፣ ካሣንና የይግባኝ መንገድን ደንግጓል፤ ቅሬታ የሚቀርበው የማስለቀቂያ ትእዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ አካል ነው። አዋጁ በ1336/2016 ስለተሻሻለ ሁለቱንም ይዛችሁ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ትእዛዙ የደረሰበትን ቀን ጻፉ፤ የቃል ተስፋ ቀኑን አያስቆምም።

ደረጃ 6፦ ቋሚ ኮሚቴውና ጉባኤው

በጀቱ ወደ ጉባኤ ከመግባቱ በፊት የበጀትና ፋይናንስ ጉዳይ የሚያይ ቋሚ ኮሚቴ ይመረምረዋል። ግንቦት ላይ በአፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት በኩል አሥር ደቂቃ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ቁጥሩን፣ አንዱ ቦታውን፣ ሦስተኛው፣ ቢቻል የጽዳት ማኅበሩ አባል የሆነች ሴት፣ ሥራውን ታስረዳ። ገንዳ ሥር ቆማ የምትሠራ ሴት ስለ ጓንት ስትናገር የሚከራከራት የለም።

አንድ አማራጭ በኪሳችሁ ይኑር። ሙሉው ካልተቻለ ጣራና ወለሉ ዘንድሮ፣ መጭመቂያው ለከርሞ። ጣራውን ትታችሁ መጭመቂያውን አትቀበሉ፤ ዝናብ የመታው ብረት ዓመት ሳይሞላው ይዝጋል።

በጉባኤው ዕለት የምክር ቤት አባላችሁ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ይሁን፣ ከነገጽ ቁጥሩ ጽፋችሁ ስጡት፦ «በጽዳት ክፍሉ ገጽ ላይ በ6323 የተያዘው ገንዘብ የቀበሌ ______ን መጠለያ ያካትታል ወይ?» አዎ ከተባለ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ደረጃ 7፦ ከጸደቀ በኋላ

ሐምሌና ነሐሴ ለግንባታ አይሆኑም፤ አፈሩ ጭቃ ነው፣ ወለል አይፈስስም። ግን እነዚህ ሁለት ወራት የወረቀት ወራት ናቸው። የሳይት ፕላኑ፣ የመሬት ርክክቡና የጨረታ ሰነዱ በክረምቱ ካለቀ ጥቅምት ላይ ቁፋሮ ይጀመራል። ጨረታው ጥቅምት ላይ ከተጀመረ ግን ተጫራች ተመርጦ ውል ሲታሰር ጥር ይደርሳል፣ ሥራውም ለቀጣዩ ዝናብ ይጋለጣል። ስለዚህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግዥ ክፍል ሄዳችሁ «የጨረታ ሰነዱ የት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ከነቀኑ ጻፉ።

ጥር ላይ ገንዘቡ ሳይነካ ካያችሁት ተጠንቀቁ፤ በግማሽ ዓመቱ የበጀት ዝውውር ወደ ሌላ ሥራ የሚሄደው እንዲህ ያለው ነው። ዝውውሩ ከመወሰኑ በፊት ለቋሚ ኮሚቴው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ።

ግንባታው ሲካሄድ ሦስት ነገር በዓይናችሁ አረጋግጡ። ወለሉ ላይ ከፍ ካለው በኩል አንድ ባልዲ ውኃ ድፉ፤ ወደ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ ካልወረደና መሐል ላይ ከቆመ ርክክብ አይፈረም። የጣራው ክፈፍ ከወለሉ ጠርዝ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይውጣ፤ የጎጃም ዝናብ በነፋስ ወደ ጎን ነው የሚመታው። በሩ ጋሪ የሚያስገባ ይሁን፤ ጋሪውን ራሱን አምጥታችሁ በበሩ አሳልፉት።

መጠለያው ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር ያንኑ በርሜልና ያንኑ ሚዛን አውጡና እነዚያኑ 20 ቤቶች እንደገና መዝኑ። አዲሱ ቁጥር የሚቀጥለው ጥር ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ነው።